በበሽተኛ ስም አይጨስም

ሰሞኑን የገባንበት ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ሌክቸር ነው የምንሰማው። አምስት ስድስት ሆነን ተቀምጠናል፤ በርጫው ሞቅ ብሏል፤ አንዱ ከኪሱ የተጠቀለለች ነገር ብቅ ያደርጋል፤ ከጥግ «ኧረ ተው» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይሄኔ ባለ ጥቅልሉ ጉሮሮውን ጠራርጎ ይጀምራል። «መድኃኒት እኮ ነው! አሜሪካ ሐኪም ነው የሚያዘው። ለካንሰር በለው፣ ለሚጥል በሽታ በለው፣ ለጭንቀት በለው... እኛ አገር ስላልገባን ነው እንጂ...» ንግግሩ ሳያልቅ ክብሪቱ ይጫራል። ልብ በሉ። እዚያ ቤት ውስጥ ካንሰር የያዘው ሰው የለም። የሚጥል በሽታ ያለበትም የለም። ያለው ሰኞ ፈተና ያለበት ሰው ነው።

እኛ ዛሬ የተጣላነው ከጭሱ በፊት ከሌክቸሩ ጋር ነው። ጻድቅ ነን አላልንም፤ እዚያው ክብ ውስጥ ተቀምጠን ስንስቅ የኖርን ሰዎች ነን። ግን የታመመ ሰው ስም እየጠሩ መጦዝ ነውር ነው!

መጀመሪያ ሐቃቸውን እንስጣቸው። ጋንጃ፣ ካናቢስ፣ ዕፀ ፋርስ፣ ሐሺሽ... የፈለጋችሁትን በሉት (ሐሺሽ እንኳን በደንቡ ከተክሉ ሙጫ የሚሠራው ነው፤ እኛ አገር ግን ለሁሉም ያገለግላል)፤ በውስጡ መድኃኒት የሚሆን ነገር አለ። ይሄ የበርጫ ወሬ አይደለም። ራፋኤል መሹላም የሚባሉ እስራኤላዊ ኬሚስት በ1964 ከባልደረባቸው ከየኺኤል ጋኦኒ ጋር ሆነው የሚያጦዘውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ቲኤችሲ ይባላል። ሲቢዲ የሚባል የማያጦዝ ወንድምም አለው። በ1985 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሰው ሠራሽ ቲኤችሲ በእንክብል መልክ ፈቀደ፤ ኬሞ ለሚወስዱና ሌላው መድኃኒት ማስመለሱን አላቆም ላላቸው የካንሰር ሕመምተኞች። በ2010 ደግሞ እንግሊዝ መልቲፕል ስክሌሮሲስ በሚባለው የነርቭ በሽታ ጡንቻቸው ለሚገታተርባቸው ሰዎች አፍ ውስጥ የሚረጭ ፈቀደች።

ትልቁ ዜና የመጣው ግን በ2018 ነው። ድራቬት ሲንድረምና ሌኖክስ ጋስቶ ለሚባሉት፣ ሕፃናትን ለሚጥሉ ሁለት ከባድ በሽታዎች ኤፒዲዮሌክስ የተባለ ከተክሉ የወጣ ሲቢዲ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት በ2017 ድራቬት ባለባቸው 120 ልጆችና ወጣቶች ላይ የተደረገ ሙከራ ታትሞ ነበር። መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል መካከለኛው ታማሚ በወር 12.4 ጊዜ የሚያንዘፈዝፈው ወደ 5.9 ወረደለት። የውሸት መድኃኒት የተሰጣቸው ደግሞ ከ14.9 ወደ 14.1፤ ማለት እዚያው ናቸው። ልጇ በሁለት ቀን አንዴ ወለል ላይ የሚወድቅባት እናት ይሄንን ቁጥር ስታየው ምን እንደሚሰማት ለመገመት እናት መሆን አያስፈልግም።

እሺ፣ ይሄ መድኃኒት ምን ይመስላል? ጥቅልል ነው? አይደለም። በሰሊጥ ዘይት የተበጠበጠ፣ የእንጆሪ ጣዕም ያለው ፈሳሽ ነው። በልጁ ኪሎ ይሰላል፤ በመርፌ በሌለው ሲሪንጅ እየተለካ በቀን ሁለቴ ይሰጣል። ከመጀመሩ በፊት የጉበት ምርመራ አለ፤ ከጀመረም በኋላ አለ፤ ምክንያቱም አንዳንዱን ጉበቱን ይነካዋል። አያጦዝም። በርጫ ላይ ብታቀርቡት ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እንግዲህ «አሜሪካ ሐኪም ያዘዋል» ሲባል ከሚነሡት ነገሮች ዋናው ይሄ ነው፤ እናንተ የምታጨሱት ግን ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል ቲኤችሲ እንዳለው፣ ማን በምን እጁ እንደጠቀለለው የማይታወቅ ቅጠል ነው።

«ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም፤ ከተፈጥሮ ነው» የምትለዋን ደግሞ ተዉአት። ከኢትዮጵያዊ አፍ ስትወጣ ታሳፍራለች። አያቶቻችን ኮሶ የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። ኮሶም ከዛፍ ነው፤ ኮሶም መድኃኒት ነው። ያለ መጠኑ የጠጣ ግን እንደሚታመም፣ አልፎም እንደሚሞት ያውቁ ነበር፤ እየለኩ፣ ቀን ቆርጠው፣ አፍንጫቸውን ይዘው ነበር የሚጠጡት። «ቅዳሜ እኛ ቤት ኮሶ አለ፣ ኑ እንጫወት» ያለ ሰው በታሪክ አልተመዘገበም።

«የአባቶቻችን ነው» የሚሉም አሉ። ጣና አካባቢ ላሊበላ ከሚባል ዋሻ (ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር እንዳታምታቱት) በቁፋሮ በተገኙ፣ ወደ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ ዕድሜ በተሰጣቸው የማጨሻ ዕቃዎች ውስጥ የካናቢስ ምልክት መገኘቱን የሚገልጽ ጥናት በ1975 ታትሟል። ይሁን። ምን ይጠበስ? ሰው ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ያጨሰ መሆኑ ማጨሱ ይበጃል ማለት ነው?

ቲሸርቱም አለ። ነገራችንን ከሻሸመኔና ከራስታዎች ጋር አታያይዙብን፤ ንጉሡ በ1948 መሬት ሰጥተዋቸው ውቅያኖስ አቋርጠው የመጡት ሰዎች ለእነሱ ጭሱ ጸሎት ነው፤ እምነታቸውን እነሱ ይወቁት። እኛ የምናወራው ፊቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ «ጋንጃ ካንሰር ይፈውሳል» ለሚለን ልጅ ነው። ወንድማችን፣ ደረትህ ላይ ያለው ሰውዬ በ1981 በ36 ዓመቱ የሞተው በካንሰር ነው። ከእግሩ ጣት የጀመረ የቆዳ ካንሰር ነበር። ጋንጃ ገደለው አላልንም፤ አልገደለውም። ግን በዓለም ላይ በማጨስ ስሙ የገነነውን ሰው ካላዳነ አንተ በምን ሒሳብ ነው ለሰው እናት የምታዘው? በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ቲኤችሲ የካንሰር ሴሎችን ሲገድል ታይቷል፤ እውነት ነው። ሳህን ላይ በረኪናም ይገድላቸዋል።

አሁን ወደ በሽተኞቹ እንምጣ። ስማቸው ሲጠራ ውሎ የሚያድረው፣ ራሳቸው ግን ያልተጋበዙት እነሱ ናቸው።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ እዚህ አገር ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም አይተናል። ክብሪት ተጭሮ አፍንጫው ሥር ይያዛል። ሰዉ ክብ ሠርቶ ያያል። አንዳንዱ «እንዳትነኩት፣ ይጋባል» ይላል። ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ ፊቱ ወይም እጁ እሳት ላይ ወድቆ የተቃጠለም አይተናል። ለዚህ ልጅ የሚሆን መድኃኒት አለ ወይ? አለ! ፌኖባርቢታል ይባላል፤ ከ1912 ጀምሮ ሰው ሲወስደው የኖረ አሮጌ ክኒን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ከታከሙ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ፤ የዓመት መድኃኒቱ ደግሞ እስከ አምስት ዶላር ሊወርድ ይችላል። በደሃ አገሮች ግን ከአራቱ ሦስቱ ሕክምና አያገኙም። ያ የእንጆሪ ፈሳሽ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ስንት ነበር? ለአንድ ሰው በዓመት 32,500 ዶላር ገደማ። እኛ በርጫ ላይ ስለ የትኛው ነው የምንጮኸው? አምስት ዶላር ስላጣው ልጅ አንድም ቀን ሲወራ ሰምተን አናውቅም። ክብሪቱንም ቢሆን ለሌላ ነገር ነው የምንጭረው።

ካንሰሩ ደግሞ ይብሳል። በታኅሣሥ 2020 በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን ድምፅ ተሰጥቶ፣ 27 ለ25 በሆነ ውጤት፣ ካናቢስ «ለሕክምና እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የላቸውም» ከሚባሉት ከባዶቹ ዝርዝር ወጣ። የጭስ ወዳጆች ያኔ ጨፈሩ። ያላነበቡት ነገር ቢኖር ያው ተክል በአንደኛው ዝርዝር ውስጥ እንደቀረ ነው፤ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ሞርፊን አለ። ሞርፊንም ከአበባ ነው የሚወጣው። ሞርፊንም ሱስ ያስይዛል፤ ሞርፊንም በጥንቃቄ የሚያዝ ነው። ግን አጥንቱ ውስጥ ካንሰር የገባበትን ሰው ሌሊት የሚያስተኛው እሱ ነው፤ በአፍ የሚጠጣው ደግሞ ርካሽ ነው።

በ2017 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ይህንን አስልቶ ነበር። ከ2010 እስከ 2013 ባለው ጊዜ በዓለም ላይ በአማካይ በዓመት የተሠራጨው ሞርፊንና መሰሎቹ በሞርፊን ልክ ሲሰላ 298.5 ቶን ነው። ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የደረሳቸው 0.1 ቶን። በኛ ሚዛን እንናገረው፦ ከ2,985 ኩንታል አንድ ኩንታል። አንድ! ያቺ አንዷ ኩንታል ለአንድ አገር እንዳትመስላችሁ፤ ለደሃ አገሮች በሙሉ ናት። ጎረቤት ሌሊቱን ሙሉ የእትዬ እገሊትን ጩኸት እየሰማ «እግዜር ያሳርፋቸው» የሚለው ለዚህ ነው። ለታማሚ የሚቆረቆር ትውልድ ቢሆን ኖሮ የሚለብሰው ቲሸርት ላይ የሞርፊን ጠርሙስ ይታተም ነበር።

እዚህ ላይ የሻንጣውን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ዋሽንግተን ከ2015 ጀምሮ፣ ጎረቤቷ ሜሪላንድ ደግሞ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ 21 ዓመት ለሞላው ሰው መያዝን ፈቅደዋል፤ አበሻው ደግሞ በብዛት የሚኖረው እዚያው ነው። እናም ከሲልቨር ስፕሪንግ በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ፣ ከቫይታሚኑና ከቅባቱ መሃል፣ «ለእማዬ ሕመም» የተባለች ጠብታ ዘይት ትገኛለች። ላኪዋ በፍቅር ነው የላከችው፤ አንከራከርም። ግን በ2017 ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶች ተገዝተው ሲመረመሩ፣ መለያው ላይ የተጻፈው መጠን ከውስጡ ጋር የተስማማው 31 በመቶው ብቻ ነበር። በ18ቱ ውስጥ ቲኤችሲ ተገኝቷል። ማለትም እማዬ ሳያውቁት ሊጦዙ ይችላሉ። ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሲቢዲ የመድኃኒቱን ኃይል ከፍ አድርጎ ደም ሊያስፈስሳቸው ይችላል። ለሐኪማቸው ማን ይናገራል? ማንም። «እንዳይቆጡን» ተብሎ ጠርሙሷ ቁምሣጥን ውስጥ ትደበቃለች።

ጉዳቱን ደግሞ እንናገር፤ ያለ ማጋነን።

አብዛኛው አጫሽ አያብድም። ይሄንን ፊት ለፊት እንናገረው፤ ምክንያቱም ተቃራኒው ሲነገረን ነው ያደግነው። ት/ቤት ግድግዳ ላይ የራስ ቅል ያለበት ፖስተር ተለጥፎ «አንዴ የቀመሰ አበቃለት» ተባልን። ከዚያ ካምፓስ ገባን፤ አንዴ የቀመሰውን፣ አሥር ጊዜ የቀመሰውን አየነው፤ ማዕረግ ይዞ ተመረቀ። ስለዚህ ፖስተሩን ሳቅንበት። ትልልቆቻችን የሠሩት ጥፋት ይሄ ነው፤ ጅብ መጣ ሲሉን ኖረው እውነተኛው ጅብ ሲመጣ የሚሰማቸው አጡ።

እውነተኛው ጅብ አለ። በ1987 የታተመ የስዊድን ጥናት 45,570 ምልምል ወታደሮችን ለ15 ዓመት ተከታትሎ፣ ከ50 ጊዜ በላይ አጭሰው በነበሩት ላይ ስኪዞፍሬንያ ካላጨሱት ስድስት እጥፍ ሆኖ አገኘው። ያኔ «ምናልባት ቀድሞውኑ ሕመሙ የጀመራቸው ይሆናሉ የሚያጨሱት» ተባለ፤ ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በ2019 ግን በአውሮፓና በብራዚል 11 ቦታዎች በተደረገ ጥናት በየቀኑ የሚያጨሱ ሰዎች የሳይኮሲስ ዕድላቸው ከማያጨሱት ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ጠንካራውን በየቀኑ ለሚያጨሱ ደግሞ ወደ አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ጠንካራ የሚባለው ቲኤችሲው ከ10 በመቶ ጀምሮ ያለው ነው። አሜሪካ ውስጥ የተያዘው ጋንጃ በ1995 በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2014 ወደ 12 ደረሰ። አጎትህ በወጣትነቱ አጭሶ ምንም አልሆነም? አጎትህ ያጨሰው ሌላ ዕቃ ነው።

ሱሱም ቢሆን «አያስይዝም» እየተባለ ነው፤ ያስይዛል። ከሞከሩት ወደ 9 በመቶ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ከጀመሩት 17 በመቶ ገደማ። ደግሞ ለማስመለስ መድኃኒት ነው ብለን የለ? ለዓመታት በየቀኑ የሚያጨሱ አንዳንዶችን ራሱ ጋንጃው ማቆሚያ የሌለው ማስመለስ ያመጣባቸዋል። ሐኪሞች በ2004 አውስትራሊያ ውስጥ ነው መጀመሪያ ልብ ያሉት፤ ታማሚዎቹ ፋታ የሚያገኙት በሙቅ ውሃ ሲታጠቡ ብቻ ስለነበር በቀን ብዙ ጊዜ ሻወር ውስጥ ይውሉ ነበር። ማስመለሱ የሚቆመው ማጨሱ ሲቆም ብቻ ነው።

ይሄን ሁሉ ቁጥር ያስቆጠረን አንድ ሰው ነው። ካምፓስ አብሮን የተማረ፣ ከሁላችንም በላይ የሚያስቀን ልጅ። ሦስተኛ ዓመት ላይ በየቀኑ ማጨስ ጀመረ። መጀመሪያ የስልኩን ካሜራ በፕላስተር ሸፈነ፤ ቀልድ መሰለን። ቀጥሎ ሬድዮ ላይ ያለው ጋዜጠኛ ስለ እሱ እንደሚያወራ ነገረን፤ ጋዜጠኝነት ነው የምንማረው፣ ሳቅን። በመጨረሻ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥቶ በባዶ እግሩ ሲሄድ ተገኘ። ቤተሰቦቹ መጡ። ፀበል ወሰዱት፤ ከዚያ ሐኪም ቤት። እኛም ልንጠይቀው ሄድን። ዶክተሯ ወደ ኮሪደሩ ጠራችንና «የሚወስደው ነገር ነበር?» አለችን። እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከጎናችን ቆመዋል። እርስ በርስ ተያየን። በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ትዝ አለን፤ የሰፈር ስም ትዝ አለን፤ እነዚያ እናት ትዝ አሉን። «አልፎ አልፎ ጫት» አልናት።

ተሽሎት ተመለሰ። ማንም «ከጋንጃው ራቅ» አላለውም፤ የሚያውቅ ሐኪም አልነበረማ! ይህ ሕመም አንዴ የጎበኘው ሰው ማጨሱን ከቀጠለ የማገርሸት ዕድሉ እንደሚጨምር ጥናቶች ያሳያሉ፤ እኛ ያኔ ይህንን አናውቅም። እኛ የምናውቀው ሌክቸሩን ነበር። «ለጭንቀት ጥሩ ነው» ብለን ክቡ ውስጥ ቦታ ለቀቅንለት። በስድስተኛው ወር አገረሸበት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነበር፤ ትምህርቱም እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ፖስተር ለጣፊዎቹንም እንዲህ እንላቸዋለን፦ ማስፈራራቱን ቀንሱልንና አንድ ነገር ስጡን። ሐኪም ፊት የተናገርነው ነገር ፖሊስ ጣቢያ እንደማይደርስ አስረግጣችሁ ንገሩን፤ ያንን የሚል ፖስተር ለጥፉ። የራስ ቅሉን አውርዳችሁ «በቤተሰብህ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ካለ አንተ አትንካው፤ ከሃያ ዓመት በታች ከሆንክ አትንካው» ብላችሁ ጻፉበት። ያኔ ምናልባት እናነበዋለን።

ልጁ አሁን ደህና ነው፤ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ትንሽ ወፍሯል፤ ቀልዱ ዘገም ብሎ ይመጣል እንጂ አልጠፋም። ባለፈው ፒያሳ ቁጭ ብለን «ያኔ ዶክተሯ ስትጠይቃችሁ ምን አላችኋት?» አለን። ነገርነው።

«ጫት?» አለና ማኪያቶውን ማማሰሉን ቀጠለ።